በጥርስ ሽቦ ኤምአርአይ ስነሳ የገጠመኝ

ባለፈው ሳምንት አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ በእረፍት ሰዓት ወደ እኔ መጣች። ፊቷ ልክ አልነበረም። የ14 ዓመት ልጇ ኳስ ሲጫወት ጉልበቱን ተጎድቶ ኤምአርአይ፣ ማለትም በትልቅ ማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያሳየው ምርመራ፣ ታዞለታል። ልጁ ደግሞ ጥርሱን ብሬስ ካሰረ ገና አምስት ወሩ ነው። አንድ ዘመዳቸው «ማግኔቱ ጥርሱን ነቅሎ ያወጣዋል፤ ሽቦው በሙሉ ሳይፈታ እንዳታስገቢው» ብሏታል። እሷም ብሬሱን ልታስፈታለት ቀጠሮ ልትይዝ ነው።

«ቆይ እስቲ» አልኳት። «የሚነሳው ጉልበቱን አይደል?»

«አዎ፣ ጉልበቱን።»

«እንግዲያው ምንም አትፍቺ። መጀመሪያ ለሚያነሱት ሰዎች ደውዪ።»

ይህን በድፍረት ያልኳት ሐኪም ስለሆንኩ አይደለም። እኔ የደሴ መምህርት ነኝ። ግን በራሴ ላይ ደርሶብኝ አይቼዋለሁ። የእኔ ነገር የእሷ ልጅ ተቃራኒ ነበር። እኔ «ብሬስ አለኝ» ማለት ሲገባኝ ዝም ብዬ 400 ኪሎ ሜትር ሄጄ፣ ገንዘብ ከፍዬ፣ የማይረባ ምስል ይዤ ተመልሻለሁ። እሷ ደግሞ በማይመለከታት ነገር ፈርታ የልጇን የአምስት ወር ሕክምና ልታፈርስ ነበር። ሁለታችንንም ያሳሳተን ያው አንድ ነገር ነው። የምንፈራው ጥርስ መነቀሉን ነው። መጠየቅ ያለብን ግን «የሚታየው የትኛው የሰውነት ክፍል ነው?» የሚለውን ነበር።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ጥር 2015 ነው። የመንፈቅ ዓመት ፈተና ጨርሰን የአራት ክፍል ወረቀት ቤት ይዤ ገብቼ አርማለሁ። ቀይ እስክሪብቶዬ የደበዘዘ መሰለኝ። ቀየርኩት። አዲሱም ያው ሆነ። ዓይኔን ሲያሳክከኝ ቀኙን በእጄ ሸፈንኩት። ቀዩ ቀለም ወዲያው ደመቀ። ገረመኝና ግራውን ሸፈንኩ። ያው ቀይ ቀለም የዛገ ቆርቆሮ መሰለ። ሦስት አራት ጊዜ እየቀያየርኩ አየሁት። በቀኝ ዓይኔ ቀይ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ዓይኔን ወደ ጎን ሳዞረው ደግሞ ከውስጥ ያመኛል። ሕመሙ ከሁለት ቀን በፊት ነበር የጀመረኝ፤ የእንቅልፍ ማጣት ነው ብዬ ትቼው ነበር።

እናቴ «ዓይን ነው የገባሽ» አለችና ጠበል አመጣችልኝ። ጎረቤታችን የሆኑት እማማ ደግሞ፣ ቡና እየጠጣን ነገሩን ሰምተው ዱዓ አደረጉልኝ። «አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ያሽርሻል። ግን ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት» አሉኝ። እናቴም በዚህ ተስማማች። ሁለቱ እናቶች ባይገፋፉኝ ኖሮ ወረቀቱን አርሜ እስክጨርስ ሳምንት እቆይ ነበር።

የዓይን ሐኪሙ ቀስ ብሎ የሚሠራ ሰው ነው። ባትሪ ከአንዱ ዓይኔ ወደ ሌላው እያቀያየረ አበራ። ቀይ ክዳን ያላት የጠብታ ብልቃጥ አንስቶ በአንድ በአንድ ዓይኔ አሳየኝ። እኔ እስክሪብቶዬ ላይ ያየሁትን ነው ያረጋገጠው። ከዚያ «ዕይታ የሚያደርሰው ነርቭ የተቆጣ ይመስላል። ግን ነርቩን የሚጫን ሌላ ነገር አለመኖሩን ማወቅ አለብኝ» አለኝና ኤምአርአይ አዘዘልኝ። የዓይን አካባቢና የአንጎል፣ በደም ሥር ከሚሰጠው ኮንትራስት (ምስሉን ከሚያጎላው ፈሳሽ) ጋር። አዲስ አበባ ሄጄ እንድነሳ ወረቀት ጻፈልኝ።

እዚህ ላይ ነው ስህተቱ የተፈጠረው። ያን ሰሞን ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር ማስክ አድርጌ ነበር። ሐኪሙ አፌን አላየም። እኔም የዓይን ነገር ሆኖብኝ ስለ ጥርሴ ማንሳት ትዝ አላለኝም። ብሬሱን ያሰርኩት ሰኔ 2014 ነው፤ ስምንተኛ ወሩን ይዞ ነበር። በመጀመሪያው ወር ምላስን ይቧጥጣል፣ ከንፈር ያቆስላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሰው አፉ ውስጥ ብረት እንዳለ ይረሳዋል። ማዘዣው ወረቀት ላይ ስለ ጥርሴ አንድም ቃል አልተጻፈም።

ከታላቅ ወንድሜ ጋር ሌሊት ተነስተን ተሳፈርን። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ከሚሴ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ደብረ ሲና፣ የጣርማበር ዳገት። ያን መንገድ ስንት ጊዜ ሄጄበታለሁ። የዚያን ቀን ግን ግራ ዓይኔን እየሸፈንኩ ተራራውን በቀኙ ማየት ነበር ሥራዬ። እየባሰ ይሆን ብዬ።

በማግስቱ ምርመራ ቤቱ ቅጽ ሰጡኝ። በእንግሊዝኛ ነው። የልብ ምት ማስተካከያ ማሽን አለሽ ወይ፣ አንጎልሽ ውስጥ የደም ሥር ማሰሪያ ቅንጥብ አለ ወይ፣ የጆሮ መስሚያ ተተክሎልሻል ወይ፣ ዓይንሽ ውስጥ ብረት ገብቶ ያውቃል ወይ፣ ነፍሰ ጡር ነሽ ወይ። ስለ ጥርስ የሚጠይቀው መስመር ሰው ሠራሽ ጥርስ አለሽ ወይ የሚል ነው የመሰለኝ። ጥርሴ የራሴ ነው፤ «የለም» ላይ ምልክት አደረግሁ። ይህንን ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል። «ሌላ የምትነግሩን ካለ» የሚል ባዶ ቦታ ታች ነበረ። አለፍኩት።

ያወቀው ባለሙያው ነው። ወደ ክፍሉ ሊያስገባኝ ሲል «አመሰግናለሁ» ብዬ ፈገግ አልኩ። ቆም አለ።

«እህቴ፣ እስቲ አፍሽን ክፈቺ።»

ከፈትኩ።

«ይሄን ለምን አልነገርሽንም?»

ደንግጬ «ይነቅለዋል እንዴ?» አልኩት። ቤተሰብ ውስጥ ስሰማው ያደግሁት ወሬ ወዲያው መጣብኝ።

«አይነቅለውም። ችግሩ እሱ አይደለም። የምናነሳሽ ዓይንሽን ነው፤ ምስሉን ያበላሽብናል።»

ሰዎቹ በሩ ላይ የሚጨነቁት በከንቱ አይደለም። አብዛኛው የኤምአርአይ ማሽን 1.5 ቴስላ ወይም 3 ቴስላ ነው፤ ቴስላ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው። 1.5 ቴስላ ማለት ኮምፓስን ወደ ሰሜን ከሚያዞረው የምድር ማግኔት 30 ሺህ ጊዜ ያህል ይበልጣል። ማግኔቱ ደግሞ ሰው ባይነሳም፣ ድምፁ ባይሰማም፣ ሌት ተቀን እንደበራ ነው። በፈረንጆቹ 2001 በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ማሽኑ ውስጥ እንዳለ፣ ወደ ክፍሉ የገባ የኦክስጅን ሲሊንደር በማግኔቱ ተስቦ መትቶት ሕይወቱ አልፏል። ስለዚህ «ይስባል» የሚለው ፍርሃት ውሸት አይደለም። ብሬስ ግን ሲሊንደር አይደለም። እያንዳንዷ ብረት፣ ብራኬት የምትባለው፣ እህል የምታህል ናት፤ በጠንካራ ማጣበቂያ ጥርስ ላይ ተይዛለች። በደንብ የተጣበቀን ብሬስ ማግኔቱ አያላቅቀውም። ሙቀቱም ሲለካ የሚጨምረው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አደጋ ሊሆን የሚችለው ቀድሞ የላላ ብራኬት ነው። ተላቆ ወደ ጉሮሮ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የሚወዛወዝ ካለ ሳትነግሩ እንዳትገቡ።

ባለሙያው ብራኬቶቼን በጓንት እየነካካ አየ። የላላ የለም። ምስሉን የሚያነብበውን ሐኪም ጠራው። ተነጋገሩ። ከሩቅ መጥታለች፣ እንሞክር ተባለ። «ግን ለዓይንሽ ዋስትና አልሰጥሽም» አለኝ በግልጽ። ይህን ስላለኝ አመሰግነዋለሁ። እኔ ነኝ «ይሞከር» ያልኩት።

ጭንቅላቴ ላይ እንደ ሄልሜት ያለ ነገር ገጠሙልኝ። ጆሮዬን ደፈኑልኝ። የማሽኑን ድምፅ ሰምቶ ለማያውቅ ሰው አስቀድሞ ቢነገረው ጥሩ ነው፤ አስፋልት የሚሰረስር መሣሪያ ጆሮ ሥር ያለ ይመስላል። እኔ ግን ድምፁን ብዙም አላዳመጥኩትም። ምላሴን የላይኛው ጥርሴ ላይ አድርጌ ሽቦው ሲንቀሳቀስ ልያዘው ብዬ ስጠብቅ 40 ደቂቃ አለፈ። ምንም የለም። አልተሳበም፣ አልሞቀም፣ አልነዘረኝም።

ከወጣሁ በኋላ ሐኪሙ ምስሉን ኮምፒውተር ላይ አሳየኝ። የጭንቅላቴ የኋላው ክፍል ጥርት ብሎ ይታያል። ወደ ፊት ሲመጣ ግን ፊት የለም። አፌ ያለበት ቦታ ትልቅ ጥቁር ጉድጓድ ነው። ጠርዙ ላይ የሚያብረቀርቅ ነጭ መስመር። ጉድጓዱ ከአፌ አልፎ ወደ ላይ ወጥቷል። ዓይኖቼ ደግሞ እንደተለጠጠ ሊጥ ተጎትተዋል። ውጤቱ ላይ የተጻፈው አንጎሌን በተመለከተ ከፊት ለፊቱ በስተቀር ችግር እንዳልታየ፣ የዓይኔን ነርቭ ግን መገምገም እንዳልተቻለ ነው። የሄድኩት ለነርቩ ነበር። ለክፍያው የወር ደሞዜ አልበቃኝም፤ ወንድሜ ነበር የጨመረልኝ።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ሐኪሙ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። እኔ በተረዳሁት መጠን ልንገራችሁ። ኤምአርአይ እንደ ራጅ ጨረር አይተኩስም። ሰውነታችን ውስጥ ባለው ውሃና ስብ ካለው ሃይድሮጅን የሚመጣ ደካማ ምልክት ይቀበላል። ምልክቱ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ማግኔቱ በጣም ወጥ ስለሆነ ነው። መሐል ላይ ብረት ሲገባ ያ ወጥነት ይጣመማል። ማሽኑ ይሳሳታል። ከዚህ የመጣውን ምልክት እዚያ ያስቀምጠዋል። አንዳንዱን ጭራሽ ያጣዋል። ጥቁሩ ጉድጓድ የጠፋው ነው፤ ነጩ ጠርዝ ያለ ቦታው የተከመረው ነው።

የዓይን ደግሞ ይብሳል። የዓይን ነርቭ በስብ ተከቦ ነው የሚቀመጠው። ስብ በኤምአርአይ ላይ በጣም ያበራል። የተቆጣ ነርቭም ያበራል። ስለዚህ ነርቩን ለማየት የስቡን ብርሃን ማጥፋት የግድ ነው። የማጥፋቱ ዘዴ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ማግኔቱ ወጥ ከሆነ ብቻ ነው። በእኔ ምስል ላይ ስቡ አልጠፋም፤ ሁሉም ነገር አብሮ በራ። አንድ መዳፍ ከማይሞላ ርቀት ላይ ያለ የጥርስ ብረት ነው ይህን ያደረገው።

እዚህ ላይ ነው የጉልበቱ ልጅ ነገር የሚለየው። የብረቱ ጥፋት ከአካባቢው ብዙ አይርቅም። ጉልበት፣ ወገብ፣ ሆድ፣ ትከሻ የሚነሳ ሰው አፉ ውስጥ ያለው ብሬስ ምስሉን አይነካበትም። አንገት ላይ እንደ ቦታው ትንሽ ሊነካ ይችላል። የአንጎል የኋላና የላይኛው ክፍል ብዙ ጊዜ ይነበባል። አስቸጋሪዎቹ ምላስ፣ መንጋጋ፣ የአፍንጫ ዙሪያ ክፍተቶች፣ ዓይን፣ የአንጎል የፊት ታችኛው ክፍልና እዚያው አካባቢ ያለችው ፒቱታሪ የምትባለው ዕጢ ናቸው። የምስሉም ዓይነት ለውጥ አለው። ድንገተኛ ስትሮክን ቶሎ የሚያሳየው የምስል ዓይነት ከሁሉም በላይ በብረት ይዛባል። እንዲያም ሆኖ ስትሮክ ለተጠረጠረበት ሰው ብሬስ እስኪፈታ ብሎ መጠበቅ አይገባም። ለሐኪሙ ተናግሮ፣ ሲቲ ስካንም ሆነ ሌላ እሱ የሚወስነውን ቶሎ ማድረግ ነው።

ብረቱም ሁሉ አንድ አይደለም። ቤታችሁ ያሉትን ማንኪያዎች በማግኔት ሞክሩ። ሁሉም የማይዝግ ብረት ይባላሉ፤ አንዱ ይያዛል፣ ሌላው አይያዝም። ብሬስም እንደዚያ ነው። ምስል በብዛት የሚያበላሸው ከማይዝግ ብረት የተሠራው ነው። የኒኬልና የቲታኒየም ቅይጥ ሽቦ ጉዳቱ ያነሰ ነው። ነጩ የሴራሚክ ብራኬት ራሱ ብዙም አይረብሽም፤ በላዩ የሚያልፈው ሽቦ ግን ብረት ነው። የማሽኑም ጉልበት ለውጥ ያመጣል። 3 ቴስላ ላይ መዛባቱ ከ1.5 ይበልጣል። «ትልቁ ማሽን ይሻላል» የሚለው አባባል አፉ ውስጥ ብረት ላለበት ሰው ሁልጊዜ አይሠራም።

ወደ ደሴ ስመለስ ደብረ ሲና ላይ አውቶቡሱ ለምሳ ቆመ። እኔ አልወረድኩም። አልቅሻለሁ። ከገንዘቡ በላይ ያስጨነቀኝ ጊዜው ነው። ነርቤን የሚጫን ነገር ካለ እያደገ ነው ብዬ አሰብኩ።

የጥርስ ሐኪሜ ከአዲስ አበባ በየወሩ እየመጣ ነው የሚያየኝ። የሚመጣው ገና ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ደወልኩለት። መጀመሪያ የተናገረው «ከመሄድሽ በፊት ብትደውዪልኝ ኖሮ» የሚል ነበር። ልክ ነው። ሽቦዬ የኒኬልና የቲታኒየም ቅይጥ ነው፤ ብራኬቶቹና መንጋጋዬ ላይ እንደ ቀለበት የገቡት ባንዶች ግን የማይዝግ ብረት ናቸው። እኔ ሽቦውን ብቻ ማውጣት የሚበቃ መስሎኝ ነበር። ሽቦ ማውጣት አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ተመልሶም ይገባል። እሱ ግን «ያንቺ ዋናው ችግር ብራኬቱና ባንዱ ነው፤ ሽቦውን አውጥተን ብትሄጂ ዳግመኛ ልትመለሺ ትችያለሽ» አለኝ። ከዓይን ሐኪሜ ጋር በስልክ አገናኘኋቸው። ሁለቱ ተነጋግረው የወሰኑት የላይኛው ጥርሴ ብሬስ በሙሉ እንዲፈታ፣ ከዓይን የሚርቀው የታችኛው እንዲቆይ ነው። ምስሉን ከሚያነብበው ሐኪምም ጋር ተማከሩ። ይህ ለእኔ የተወሰነ ነው። ለሌላ ሰው ሽቦ ማውጣቱ ብቻ ሊበቃ ይችላል፤ ወይም ምንም መንካት ላያስፈልግ ይችላል።

ደሴ ያለች የሥራ ባልደረባው ፈታችልኝ። ፒንሳ በሚመስል መሣሪያ ጠጠር እንደመስበር «ቀጭ፣ ቀጭ» እያደረገች አወጣቻቸው። አያምም፤ ጥርስ ግን ያስጨንቃል። የቀረውን ማጣበቂያ ፈግፍጋ አጸዳችው። ከዚያ የጥርሴን ቅርጽ ወስዳ ብረት የሌለው ጥርት ያለ የፕላስቲክ ሪቴይነር፣ ጥርስን በቦታው የሚይዝ ልባስ፣ ሠራችልኝ። ይህን አትርሱ። ሕክምና ላይ ያለ ጥርስ ሳይያዝ ከተተወ ወደ ነበረበት መሄድ ይጀምራል። ብሬስ የሚፈታላችሁ ከሆነ በዚያው ቀን «ጥርሴን ምን ይዞልኝ ይቆያል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከመጀመሪያው በዘጠነኛው ቀን እንደገና አዲስ አበባ ገባሁ። በዚህኛው ጊዜ ቅጹን ከመሙላቴ በፊት አፌን ከፍቼ አሳየሁ። የምነሳው 1.5 ቴስላ ማሽን ላይ እንደሆነ ጠየቅሁ። የብረት መዛባትን የሚቀንስ አሠራር እንዲጠቀሙ የዓይን ሐኪሜ ማዘዣው ላይ ጽፎት ነበር። ቅጹ ታች ያለውን ባዶ ቦታ ሞላሁት።

ተራ ስጠብቅ ከጎኔ ከወሎ የመጡ አንድ አባት ከልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል። አነጋገራቸውን ሰምቼ የአገሬ ሰው መሆናቸውን አወቅሁ፤ ሰላም ተባባልን። ወገባቸውን ሊነሱ ነው። ባለሙያው ሲጠይቃቸው ልጃቸው «ብረት የለባቸውም» አለ። እሳቸው ግን ቀስ ብለው «በጦርነቱ ጊዜ ፍንጣሪ መትቶኝ ነበር፤ ቁስሉ ድኗል» አሉ። ባለሙያው ወዲያው አቆማቸውና ብረቱ የት እንዳለ ለማየት ወደ ራጅ ላካቸው። ይህን የምጽፈው ወሎ ውስጥ ስንት ሰው ሰውነቱ ውስጥ ፍንጣሪ ይዞ እንደሚኖር ስለማውቅ ነው። ቁስሉ ሊድን ይችላል፤ ብረቱ ግን እዚያው ነው። በተለይ ዓይን ውስጥ ወይም ዓይን አጠገብ ከሆነ ከብሬስ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ብየዳ ቤትና ጋራዥ የሚሠሩ፣ ፍቅፋቂ ብረት ዓይናቸው ገብቶ የሚያውቅ ሰዎችም እንደዚያው። እባካችሁ አባቶቻችሁን ወደ ማሽኑ ከመውሰዳችሁ በፊት ቤት ውስጥ በደንብ ጠይቋቸው። ሐኪም ፊት ሲቀርቡ «ደህና ነኝ» ማለት ይቀናቸዋል።

ሌሎቹ ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ ግን እኛ አካባቢ ስለሚበዙ ልጥቀሳቸው። የሻሽና የሒጃብ ስፒል ቤት ተዉት። የአንገት መስቀል፣ በብር የተሠራ ክታብ፣ የጆሮ ጉትቻ ሁሉ ይወልቃል። ዓይን ወይም ጭንቅላት የምትነሱ ሴቶች በዚያ ቀን ኩል አትኳሉ። አንዳንዱ የዓይን ማስዋቢያ የብረት ቅንጣት አለበት፤ ምስል ያበላሻል፣ ዓይንም ይቆጠቁጣል። ንቅሳት ያላችሁም ተናገሩ፤ አልፎ አልፎ ቆዳን ሊያሞቅ ይችላል። የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስና ሽቦ ያለው ሪቴይነር ከአፍ ይወጣል። ኮንትራስት የሚሰጣችሁ ከሆነ ደግሞ ክሬአቲኒን የሚባለውን የኩላሊት የደም ምርመራ እዚሁ ደሴ አሠርታችሁ ሂዱ። እኔ በመጀመሪያው ጉዞ ያን እዚያ ሳሠራ ግማሽ ቀን ጠፍቶብኛል።

ሁለተኛው ምስል ወጣ። ከታች አፌ አካባቢ ጥቁሩ ነገር አሁንም አለ። ዓይኖቼ ግን ዓይን ናቸው። የቀኙ ነርቭ አብጦ፣ ኮንትራስቱን ይዞ ያበራል። የሚጫነው ነገር የለም። አንጎሌ ላይም የዓይን ነርቭ ሲቆጣ አብረው ሊታዩ የሚችሉት ነጠብጣቦች አልታዩም። ወንድሜ ውጤቱን ሲሰማ መቀመጫው ላይ ጎንበስ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ።

ደሴ ተመልሼ፣ ስኳሬና ደም ግፊቴ ታይቶ፣ ሜቲልፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የነርቩን መቆጣት የሚያበርድ መድኃኒት በደም ሥሬ ለሦስት ቀን ወሰድኩ። የዓይን ሐኪሙን ፊት ለፊት ጠየቅሁት፤ «በእኔ ስህተት የጠፋው ጊዜ ዓይኔን ጎድቶታል?» አልኩት። አልጎዳውም አለኝ። መድኃኒቱ መዳኑን ያፋጥናል እንጂ የመጨረሻውን ዕይታ ብዙም እንደማይለውጠው፣ አብዛኛው ሰውም በሳምንታት ውስጥ እንደሚሻለው ነገረኝ። «ግን ዕጢ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ዘጠኙ ቀን ሌላ ትርጉም ይኖረው ነበር» አለ። እኔም የማስበው ይህንኑ ነው። መጋቢት ላይ ቀዩ ቀለም ተመለሰ። ሲደክመኝ ዛሬም በቀኝ ዓይኔ ትንሽ ይደበዝዛል። ብሬሱ እንደገና ተለጠፈልኝ፤ ሕክምናው አራት ወር ገደማ ተራዘመ።

ለጓደኛዬ የነገርኳት ይህንን ሁሉ አይደለም፤ የእረፍት ሰዓቱ አይበቃም። ሁለት ነገር ነው ያልኳት። ኤምአርአይ ለሚያነሱት ደውለሽ «ልጄ ብሬስ አለው፤ የሚነሳው ጉልበቱን ነው» በያቸው። ሁለተኛ፣ ከጥርስ ሐኪሙ ወረቀት አጽፊ። እኔ አሁን እንዲህ ያለ ወረቀት በስልኬ ላይ ፎቶ አንስቼ ነው የምዞረው። ለልጁ የተጻፈለት እንዲህ ይላል፤ እናንተም ለሐኪማችሁ ልታሳዩት ትችላላችሁ፦

«ለኤምአርአይ ክፍል። የታካሚው የላይኛውና የታችኛው ጥርስ ላይ በማጣበቂያ የተያዘ ብሬስ አለ። ብራኬቶቹ የማይዝግ ብረት ናቸው። ሽቦው የኒኬልና የቲታኒየም ቅይጥ ነው። ዛሬ አንድ በአንድ ታይቷል፤ የላላ የለም። አፉ ውስጥ ማግኔት ያለው ዕቃ የለም። ሽቦው እንዲወጣ ከፈለጋችሁ ደውሉልኝ።» ከሥሩ ቀን፣ ፊርማና ስልክ አለው።

ትናንት ማታ ደወለችልኝ። ልጁ ብሬሱን እንዳሰረ ገብቶ ተነስቷል። ወረቀቱን አዩት፣ ብራኬቶቹን ነካክተው አረጋገጡ፣ አስገቡት። ምስሉ ጥርት ያለ ነው። ጉልበቱ ውስጥ አጥንቶቹ መሐል ያለው ሜኒስከስ የሚባለው ትራስ መሰል ክፍል ትንሽ ተሰንጥቋል። ሐሙስ ደግሞ የጥርስ ቀጠሮው ነው፤ ሽቦ ይቀየርለታል።